የባሩ ፊት የት ነው? በሲኤንሲ ቶርኖ ላይ ባር መሳቢያን በእጅ ፕሮግራም ማድረግ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ወደ ቶርኖ ቤት የሚመጣው ትእዛዝ አብዛኛው ተደጋጋሚ ነው፤ የማጓጓዣ ሰንሰለት ፒን፣ የወፍጮ ቡሽ፣ የጠርሙስ መስመር ሮለር። አምስት ስድስት ፍሬ ከሆነ በተራ ቶርኖ ይወጣል። 500 ፒን ሲታዘዝ ግን ሲኤንሲ (በቁጥር ፕሮግራም የሚሠራ ቶርኖ) እያለም ቢሆን በየፒኑ በር ከፍቶ፣ ኮሌት (ባሩን የሚጨብጠውን ማሰሪያ) ለቅቆ፣ ባሩን በእጅ ስቦ፣ በካሊፐር ለክቶ መልሶ ማሰር ቀኑን ይበላዋል። ማሽኑ ባሩን ራሱ እንዲስብ የሚያደርገው ፕሮግራም ሃያ አምስት መስመር አይሞላም። ኮምፒውተርም ካም (ከሥዕል ፕሮግራም የሚያወጣ) ሶፍትዌርም አይፈልግም፤ ማሽኑ ፊት ቆሞ በኪቦርዱ የሚጻፍ ነው።

የሚከብደው ኮዱ አይደለም። የሚከብደው በእያንዳንዷ መስመር ላይ የባሩ ፊት በዜድ፣ ማለት በባሩ ርዝመት አቅጣጫ፣ የት እንዳለ ማወቅ ነው። ባሩ ሲቆረጥ፣ ሲሳብ፣ ሲታሰር ፊቱ ይንቀሳቀሳል፤ ማሽኑ ግን አያየውም። የሚያውቀው እናንተ በቁጥር የነገራችሁትን ብቻ ነው። ስለዚህ ከኪቦርዱ በፊት ወረቀትና እርሳስ።

የማሽኑ ኪቦርድ ፊደሎች የላቲን ናቸው፤ እዚህ የጻፍናቸው በወርክሾፕ እንደምንጠራቸው ነው፤ ጂ፣ ኤም፣ ኤክስ፣ ዜድ እያልን። ቁጥሩና ነጥቡ እንዳለ ይገባል። ምሳሌዎቹ የፋኑክ መቆጣጠሪያን አጻጻፍ የተከተሉ ናቸው። ሲመንስ ላይ አጻጻፉ ይለያል፣ ሒሳቡ ግን ያው ነው።

ሦስት መንገድ

አንደኛው ከማሽኑ ጀርባ የሚቆም፣ ብዙ ባር የሚይዝ፣ የራሱ መቆጣጠሪያ ያለው ባር ፊደር ነው። ሁለተኛው ባሩን ከኋላ በአየር የሚገፋ ቀለል ያለ መግፊያ ሲሆን፣ ባሩ ተሬት (ቱሎች የሚታሰሩበት ተሽከርካሪ ራስ) ላይ የታሰረ ማቆሚያ ጋ ደርሶ ይቆማል። ሦስተኛው ተሬት ላይ እንደ ማንኛውም ቱል የሚታሰር ባር ፑለር ነው፤ ሁለት ጣቶች አሉት፣ የባሩን ጫፍ ይይዙና ይስባሉ። ለትንሽ ወርክሾፕ የምንመርጠው ሦስተኛውን ነው። ከማሽኑ ኤሌክትሪክ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፣ ሽቦ አይቀጠልም፣ ፒኤልሲ (የማሽኑ ውስጣዊ መቆጣጠሪያ) አይነካም፣ ሲበላሽም እዚያው ቶርኖ ላይ ይሠራል። ስለዚህ ብዙውን የምንለው ስለ እሱ ነው።

ባሩ

ከአዲስ አበባ 6 ሜትር ሆኖ የሚመጣው ብረት ሁለት ዓይነት ነው። በሙቀት በሮለር ተዳምጦ የወጣው ጥቁሩ ብረት ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ ቆዳውም ቅርፊት አለው። ኮሌት ደግሞ የሚይዘው ጠባብ ልክ ነው። በአንዱ ጫፍ ጥብቅ ያለው ባር በሌላው ጫፍ ላልቶ በመቁረጫው ጊዜ ይሽከረከራል፣ ቅርፊቱም ኮሌቱ ስንጥቆች ውስጥ ገብቶ ይጠራቀማል። ለባር መሳብ ተስቦ የወጣውን ብሩህ ብረት ግዙ። ዋጋው ይበልጣል፣ በኮሌትና በኢንሰርት (በቱሉ ተቀያሪ ስለት) ግን ይመለሳል።

130 ኪሎ ሜትር በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ የመጣ ባር ይጣመማል። ከቆረጣችሁ በኋላ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አንከባሉት፤ በአንድ ሜትር ውስጥ ከ0.5 ሚሊ በላይ ብርሃን ከታየ አቅኑት ወይም ለሌላ ሥራ አቆዩት። የተጣመመ ባር በስፒንድሉ (ባሩን በሚያዞረው ባዶ ዘንግ) ውስጥ ይደልቃል፣ ፒኑም ላይ ሞገድ ይጥላል። ሁለቱንም ጫፍ በግራይንደር አፉን ስበሩለት። ስለታም ጠርዝ የመሳቢያውን ጣቶች ይልጣል፣ በውስጥ ቱቦውም ይያዛል።

አንድ ነገር ላይ ድርድር የለም፤ ባሩ ከስፒንድሉ ጀርባ አይውጣ። ደጋፊ የሌለው ጫፍ በ2000 ዙር ሲሽከረከር በቅጽበት ታጥፎ እንደ ጅራፍ ይመታል። አጠገቡ የቆመ ሰው ይሞታል። ከኮሌቱ ፊት እስከ ስፒንድሉ የኋላ አፍ ያለውን ርቀት በቀጭን ዘንግ ለኩና ባሩን ከዚያ አሳጥራችሁ ቁረጡ። በምሳሌያችን ርቀቱ 1,030 ሚሊ ነው፤ የ6 ሜትሩን ባር ስድስት ቦታ እንከፍለዋለን።

የስፒንድሉ ቀዳዳ 52 ሚሊ፣ ባሩ 25 ሚሊ ከሆነ መሀል ያለው ባዶ ቦታ ሰፊ ነው። ቱቦ አስገቡበት፤ የብረት ቱቦ ላይ ሦስት አራት የናይሎን ቀለበት አስራችሁ፣ የቀለበቶቹን ውስጥ 26 ሚሊ አድርጋችሁ ብትበሱት ይበቃል። ከ1 ሚሊ በላይ ክፍተት አትተዉ፤ ከዚያ ካነሰም ጠማማ ባር ይነክሳል።

ሒሳቡ

ፒኑ ዲያሜትሩ 25፣ ርዝመቱ 40 ሚሊ ይሁን። የመቁረጫ ኢንሰርቱ ስፋት 3 ሚሊ ነው። ፊቱን ለማጽዳት 0.5 ሚሊ እንተዋለን። ለአንድ ፒን ከባሩ የሚወጣው፦

40 + 3 + 0.5 = 43.5 ሚሊ።

ዜድ ዜሮ የተጠናቀቀው ፒን ፊት ነው። መቁረጫውን ስትለኩ በቻኩ በኩል ያለውን ጠርዙን ብትይዙ፣ የሚቆርጥበት ቦታ ዜድ-43 ነው፤ ከቆረጠ በኋላ የባሩ ፊት ዜድ-43 ላይ ቀረ ማለት ነው። በሌላኛው ጠርዝ ከለካችሁ ቁጥሩ ዜድ-40 ይሆናል፣ የባሩ ፊት ግን አሁንም ዜድ-43 ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ 3 ሚሊ ሁለት ጊዜ ይቆጥራል፣ ወይም ጨርሶ ይረሳል። በየትኛው ጠርዝ እንደለካችሁ ፕሮግራም ወረቀቱ ላይ ጻፉት።

የኮሌቱ ፊት ዜድ-58 ላይ እንዲሆን ዜሮውን እናስቀምጣለን። ስለዚህ ከተቆረጠ በኋላ ከኮሌቱ ወጥቶ የሚቀረው ጉማጅ 15 ሚሊ ነው። የመሳቢያው ጣቶች ከዚያ 8 ሚሊውን ይይዛሉ፣ 7 ሚሊ ከኮሌቱ ይርቃሉ። የጣቶቹ ጫፍ የሚሄድበት ቦታ ከ-43 ላይ 8 ሲቀነስ ዜድ-51 ነው። ከዚያ 43.5 ሲስብ ጣቶቹ ዜድ-7.5 ይደርሳሉ፣ የባሩ ፊት ደግሞ ዜድ+0.5። ይህ ካልመጣላችሁ ኪቦርዱን አትንኩ፤ ወረቀቱ ላይ ስሕተት አለ።

አንድ ባር ስንት ፒን ይወጣዋል? መጀመሪያ ጫፉን ለማስተካከል 2 ሚሊ እንቆርጣለን፤ 15 ሚሊ ጉማጅ አለ፤ ኮሌቱ አጥብቆ ለመያዝ ቢያንስ 45 ሚሊ ይፈልጋል። ድምሩ 62 ነው። ባሩ 998 ሚሊ ከሆነ፦

998 - 62 = 936፤ ለ43.5 ሲካፈል 21.5።

21 ፒን ይወጣል፣ ግማሹ አይቆጠርም። አሁን ኢንሰርቱን 2 ሚሊ አድርጉት፤ ለ25 ሚሊ ባር ይበቃል። በፒን 42.5 ሚሊ ይሆናል፤ ጉማጁ 15 ሆኖ እንዲቆይ የኮሌቱ ፊት ዜድ-57 ላይ ከሆነ፣ 936 ለ42.5 ሲካፈል 22.02። አንድ ፒን ተገኘ፤ ከአንድ የ6 ሜትር ባር ስድስት ፒን ማለት ነው። ግን ጠባብ ነው፤ ለ22 ፒን ባሩ ከ997 ሚሊ ማነስ የለበትም። የ6 ሜትሩን ባር በ3 ሚሊ የድንጋይ መቁረጫ ስድስት ቦታ ስትከፍሉት አምስት ቆረጣ 15 ሚሊ ይወስዳል፣ እያንዳንዱ ቁራጭ 997.5 ይሆናል። ግማሽ ሚሊ ነው የተረፋችሁ። ቆራጩ ልጅ በዓይኑ ምልክት አድርጎ አንዱን 1,000 ካደረገው ከሌላው አንድ ፒን ጎደለ። እንዲህ ባለ ትእዛዝ ላይ መጋዙ ላይ ማቆሚያ ማሰር ከኮዱ እኩል ዋጋ አለው።

ኢንሰርት ስትቀይሩ የሚቀየረው ስፋቱ ብቻ አለመሆኑን ልብ በሉ። የመቁረጫው ዜድ፣ የመሳቢያው ዜድ፣ የኮሌቱ ፊት ዜድና የሚሳበው ርዝመት አራቱም አብረው ይቀየራሉ። ከዚህ በታች በ3 ሚሊው እንቀጥላለን።

መሳቢያውን ማሰር

ጣቶቹ በኤክስ አቅጣጫ፣ ማለት ወደ ባሩ መሀል፣ ከጎን መጥተው ባሩን የሚሸምቁ ዓይነት ናቸው። ባር ሳይኖር በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ከባሩ ዲያሜትር ከግማሽ እስከ 1 ሚሊ አሳንሱት፤ ስፕሪንጉ ቀሪውን ያደርጋል። ኤክስ ዜሮ የጣቶቹ መሀል ነው፤ አንድ ቁራጭ ባር ኮሌት ውስጥ አስራችሁ፣ መሳቢያውን በእጅ መንኰራኵር አምጥታችሁ፣ ሁለቱም ጣት እኩል ሲነካ መዝግቡ። ዜድ ደግሞ የጣቱ ጫፍ የባሩን ፊት ሲነካ ነው።

ተሬቱ ዜድ-51 ሲደርስ ከመሳቢያው ጎን ያሉት ቱሎች የት እንደሚሆኑ አስቡ። አጠገቡ ያለው ጣቢያ ላይ ረጅም መሰርሰሪያ ካለ ኮሌቱን ይወጋል። ከመሳቢያው ግራና ቀኝ ያሉትን ጣቢያዎች ባዶ መተው ወይም አጭር ቱል ማሰር ይሻላል።

ፕሮግራሙ

መሳቢያው ለብቻው ንዑስ ፕሮግራም ይሁን፤ ለሌላ ሥራም ሁለት ቁጥር ብቻ ቀይራችሁ ትጠሩታላችሁ። ኮሌት መክፈቻና ማሰሪያ ኤም ኮድ ከማሽን ማሽን ይለያያል። ሀስ ላይ ኤም11 ይከፍታል፣ ኤም10 ያስራል። በሌሎች ብዙ ማሽኖች ኤም69 ይከፍታል፣ ኤም68 ያስራል። የማሽናችሁን መጽሐፍ አይታችሁ፣ ኮሌቱ ባዶ ሆኖ በኤምዲአይ (አንድ መስመር ብቻ ጽፎ በማስኬድ) ሞክሩት። ከታች ጂ28 ተሬቱን ወደ ማጣቀሻው ይመልሳል፣ ኤም9 የማቀዝቀዣ ውሃውን፣ ኤም5 ስፒንድሉን ያቆማል፣ ቲ0808 መሳቢያውን ያመጣል፣ ጂ4 መቆየት ነው፣ ደብሊው ካለበት ተነሥቶ በዜድ መሄድ ነው፣ #501 የቀረው ፒን ቆጠራ ነው።

ኦ8000
ጂ28 ዩ0
ጂ28 ደብሊው0
ኤም9
ኤም5
ቲ0808
ጂ98
ጂ0 ኤክስ100. ዜድ5.
ጂ0 ዜድ-51.
ጂ1 ኤክስ0 ኤፍ1000.
ጂ4 ፒ500
ኤም11
ጂ4 ፒ1000
ጂ1 ደብሊው43.5 ኤፍ2000.
ጂ4 ፒ500
ኤም10
ጂ4 ፒ1000
#501=#501-1
ጂ1 ኤክስ100. ኤፍ2000.
ጂ99
ጂ28 ዩ0
ጂ28 ደብሊው0
ኤም99

ጂ98 ላይ ቆም በሉ። ቶርኖ በልማዱ የሚሠራው በጂ99፣ ማለት በአንድ ዙር ስንት ሚሊ በሚል ነው። እዚህ ግን ስፒንድሉ ቆሟል፣ ዙር የለም። ጂ98 ካልተጻፈ መሳቢያው ባሩ ላይ ለመግባት ጂ1 ሲደርስ ማሽኑ ዝም ይላል፤ የሥራ መብራቱ በርቶ፣ አላርም ሳይኖር፣ ምንም ሳይንቀሳቀስ። ጀማሪ ማሽኑ ተበላሸ ብሎ ያጠፋዋል። ከዚህ የባሰው መጨረሻ ላይ ጂ99 መርሳት ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ኤፍ0.15 በደቂቃ 0.15 ሚሊ ተብሎ ይነበብና ኢንሰርቱ ብረቱ ላይ ተቀምጦ ይፋጫል። ሁለቱ ጥንድ ናቸው፤ አንዱን ስትጽፉ ሌላውን ወዲያው ጻፉት፣ መሀሉን በኋላ ሙሉት።

ጂ4 ላይ ፒ ሲጠቀሙ ቁጥሩ ሚሊ ሰከንድ ነው፣ ነጥብ አይገባም፤ ፒ1000 አንድ ሰከንድ ነው። በኤፍ፣ በኤክስና በዜድ ግን ነጥቧን አትርሱ። ነጥብ የሌለውን ቁጥር በትንሹ ልክ የሚቆጥሩ ማሽኖች ላይ ዜድ-51 ማለት 0.051 ሚሊ ይሆናል።

ጣቶቹ በኤክስ ይገባሉ፣ በኤክስ ይወጣሉ። ባሩን እንደያዙ በዜድ ማሸሽ ከታሰረ ኮሌት ባር መንቀል ነው፤ ወይ ስፕሪንጉ ይሰበራል፣ ወይ ባሩ ይንሸራተታል።

ዋናው ፕሮግራም አጭር ነው፦

ኦ0001
ኤን10 ኤም98 ፒ8000
ጂ50 ኤስ2000
(ፊት ማጽዳት፣ ማዞር፣ አፍ መስበር)
(በመቁረጫው ዜድ-43. ላይ እስከ ኤክስ-0.5 መቁረጥ)
ኢፍ [#501 ጂቲ 0] ጎቱ 10
ኤም30

ጂቲ ማለት ይበልጣል ማለት ነው፤ ቆጠራው (#501) ከዜሮ ከበለጠ ወደ ኤን10 ይመለሳል። መቁረጫው ኤክስ ዜሮን አልፎ እስከ -0.5 የሚሄደው በምክንያት ነው። ዜሮ ላይ ካቆማችሁት ፒኑ በራሱ ክብደት ይሰበርና ባሩ ፊት መሀል ላይ እንደ ጡት ጫፍ ያለች ጉብታ ትቀራለች።

ጂ50 ኤስ2000 የፍጥነት ጣሪያ ነው። በጂ96 (የቆረጣውን ፍጥነት እኩል በሚይዘው) እየቆረጣችሁ ወደ መሀል ስትጠጉ ማሽኑ ዙሩን ይጨምራል፣ ጣሪያ ከሌለ እስከ አቅሙ ይሄዳል። አንድ ሜትር ባር በሆዱ የያዘ ስፒንድል ላይ ይህች መስመር አትዘለልም። ባሩ ሲያንቀጠቅጥ ከተሰማችሁም ጣሪያውን ወደ 1500፣ ወደ 1200 አውርዱት።

አዲስ ባር ሲገባ

የመጀመሪያው ፒን ከሌሎቹ እንዳይለይ ማድረጊያው ቀላል ነው። አዲሱን ባር በእጅ አስገብታችሁ ከኮሌቱ 17 ሚሊ ያህል አውጥታችሁ እሰሩ። ከዚያ በሌላ አጭር ፕሮግራም መቁረጫው ብቻ ዜድ-43 ላይ መጥቶ ጫፉን ይቁረጥ። የባሩ ፊት አሁን ዜድ-43 ላይ ነው፤ ልክ ፒን እንደተቆረጠ። ከዚህ በኋላ ዋናው ፕሮግራም ለመጀመሪያውም ለሃያኛውም ፒን ያው ነው። እዚያው አጭር ፕሮግራም መጨረሻ ላይ ቆጠራውን ሙሉ፤ የለካችሁትን የባር ርዝመት #506 ላይ አስገቡና፦

#501=ፊክስ[[#506-62]/43.5]

ፊክስ ክፍልፋዩን ቆርጦ ይጥላል፣ 21.5 የነበረው 21 ይሆናል። ማክሮ (በ# ተለዋዋጮች ማስላት) የሌለው ማሽን ካላችሁ መሳቡንና መሥራቱን አንድ ላይ ኦ0002 አድርጋችሁ በኤም98 ፒ210002 ጥሩት፤ ፕሮግራም 0002ን 21 ጊዜ ድገም ማለት ነው። የ#501ን መስመር ከመሳቢያው ፕሮግራም ማውጣት አትርሱ።

ቆጠራና መብራት

ቆጠራውን #501 ላይ ያደረግነው በዘፈቀደ አይደለም። ከ#100 ጀምሮ ያሉት ተለዋዋጮች ማሽኑ ሲጠፋ ይሰረዛሉ፤ ከ#500 ጀምሮ ያሉት ይቆያሉ። የኤም98 ድግግሞሽ ቆጠራም መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። መብራት የሚቆራረጥበት ከተማ ውስጥ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ቅነሳዋ የተቀመጠችው መሳቢያው ውስጥ፣ ኮሌቱ ካሰረ በኋላ ነው። ባሩን የሚያሳጥረው ፒን መሠራቱ ሳይሆን ባሩ መሳቡ ነውና። ፒኑ ቢበላሽም ባሩ ሄዷል፣ ቆጠራውም ልክ ነው።

መብራት ሲመለስ መሀል ላይ ሳይክል ስታርት አትጫኑ። መጀመሪያ መሳቢያው ባሩን እንደያዘ መሆኑን እዩ። ከያዘ በእጅ መንኰራኵር ኤክስን ብቻ አውጡ፤ የዜድ ማጣቀሻ መመለስ በዚያ ሰዓት ባሩን ይዞት ይሄዳል። ኮሌቱ መታሰሩን አረጋግጡ። ከዚያ ባሩ ላይ የተጀመረ ነገር ቢኖርም ባይኖርም መቁረጫውን ዜድ-43 ላይ አምጥታችሁ ቁረጡት። የባሩ ፊት እንደገና ታወቀ፣ ዋናው ፕሮግራም ከላይ ይጀመር። መብራቱ የሄደው በመሳብ መሀል፣ ቅነሳዋ ሳትደርስ ከሆነ #501ን በእጅ አንድ ቀንሱ።

የጠዋት ቅዝቃዜ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። ጠዋት የሃይድሮሊክ ዘይቱ ወፍሮ ኮሌቱ በዝግታ ይከፈታል። ትናንት ከሰዓት የበቃችው የአንድ ሰከንድ ቆይታ ዛሬ ጠዋት አትበቃም፤ ኮሌቱ ሳይለቅ መሳቢያው ይስባል። ፓምፑን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አስነስታችሁ አቆዩት፣ ኮሌቱን አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ክፈቱ ዝጉ፣ ስፒንድሉንም በዝቅተኛ ዙር አሙቁት። የኮሌት መከፈትና መታሰር ምልክት የሚጠብቅ ማሽን ካላችሁ ይህን ራሱ ይጠብቃል፤ ከሌላችሁ ቆይታውን በጠዋቱ ልክ ጻፉት። ሸዋ ሮቢት ቆላ ውስጥ የሚሠራ ሰው ይህን ክፍል ሊዘለው ይችላል።

በአየር መግፊያ ከሆነ

ተሬት ላይ ማቆሚያ ይታሰራል። ቀጥታ ዜድ0.5 ላይ ቆሞ ኮሌቱን ከከፈታችሁ ባሩ 43.5 ሚሊ ተወርውሮ ይመታና ወደ ኋላ ይነጥራል፤ ኮሌቱ የሚይዘው በነጠረበት ነው፣ የፒኑ ፊትም አንዳንዱ ሳይጸዳ ይቀራል። ስለዚህ ማቆሚያውን መጀመሪያ ዜድ-42 ላይ አምጡት፣ ከባሩ 1 ሚሊ ብቻ ይራቅ። ኮሌቱን ክፈቱ፣ ባሩ በቀስታ ይደገፍ፤ ከዚያ በጂ98 ኤፍ1500. ማቆሚያው ወደ ዜድ0.5 ይመለስ፣ ባሩ እየተከተለው ይመጣል። ግማሽ ሰከንድ ጠብቃችሁ እሰሩ፣ ማቆሚያውን በደብሊው5. አርቁና በኤክስ አውጡ። ያቺ በመሀል የቀረች ጉብታ እዚህ ነው የምትጎዳው፤ 1.5 ሚሊ ከሆነች ማቆሚያውን የምትነካው እሷ ናት፣ እውነተኛው ፊት 1.5 ሚሊ ወደ ኋላ ይቀራል።

በዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ጌጁ ላይ ያለው ግፊት ያው ቢሆንም ኮምፕረሰሩ ታንኩን ለመሙላት ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል። የመግፊያውን ሬጉሌተር ባሩ ሳይንገራገጭ ለመሄድ በሚበቃው ላይ አቁሙት፣ ከዚያ በላይ አታስኬዱት።

ባለ መጋዘኑ ባር ፊደር ላይ ቆጠራው የእናንተ አይደለም፤ ፊደሩ ባሩ ማለቁን በምልክት ይናገራል። የተለመደው አሠራር ይህ ምልክት የመስመር መዝለያውን እንዲያበራ ማድረግ ነው። በፕሮግራሙ መጨረሻ /ኤም99 ፒ10 ብላችሁ ትጽፋላችሁ፤ ባር እስካለ ድረስ ወደ ኤን10 ይመለሳል፣ ባር ሲያልቅ መስመሯ ትዘለልና ከሥሯ የጻፋችሁት የባር መቀየሪያ ይሠራል። መቆጣጠሪያው መስመሮችን ቀድሞ ያነባልና ምልክቱ ከመድረሱ በፊት በ/ የምትጀምረውን መስመር እንዳያልፋት ከፊቷ አጭር ጂ4 አስቀምጡ።

ሙከራ

መጀመሪያ ያለ ባር፣ መስመር በመስመር፣ ፈጣኑን እንቅስቃሴ 25 በመቶ ላይ አድርጋችሁ መሳቢያውን ብቻ አስኪዱ። እጃችሁ የማቆሚያው ቁልፍ ላይ ይሁን፣ ዓይናችሁ የመሳቢያው ጎን ባሉት ቱሎች ላይ። ቀጥሎ በባር፦ ከኮሌቱ ፊት ላይ ባሩ ዙሪያ በማርከር መስመር አድርጉ፣ አንድ ጊዜ ይሳብ፣ ከኮሌቱ እስከ መስመሯ በካሊፐር ለኩ። 43.5 መሆን አለበት። አምስት ጊዜ ድገሙት፤ ልዩነቱ ከ0.2 ካለፈ ወደ ሥራ አትግቡ።

ሲበላሽ ጉማጁን አንብቡ

ባሩ አጥሮ ሲመጣ ሰው ሁሉ ቁጥር ይቀይራል። ቁጥሩ ትናንት ልክ ከነበረ ዛሬም ልክ ነው። ፕሮግራሙን ከመሳቢያው በኋላ አቁማችሁ የባሩን ጫፍ በብርሃን እዩት። የጣቶቹ ጭረት 8 ሚሊውን ሙሉ ሄዶ ጠርዙ ላይ ካለቀ ኮሌቱ አልተከፈተም፣ ወይም ባሩ ውስጥ ተይዟል። ጭረቱ 2 ወይም 3 ሚሊ ሆኖ ከቆመ ጣቶቹ ሲነሡ ተንሸራትተው ኋላ ይዘዋል፤ ኤፍ2000.ን ወደ 1200. አውርዱ፣ ስፕሪንጉን አጥብቁ፣ ባሩ ላይ ያለውን ዘይት ጥረጉ። ጭረት ከሌለና ባሩ ግን ካጠረ፣ ኮሌቱ ሲዘጋ ወደ ውስጥ ስቦታል። ወደ ኋላ ተስቦ በሚዘጋ ኮሌት ላይ ትንሽ መሳብ ተፈጥሯዊ ነው፣ 0.5 ሚሊዋን የተውነውም ለዚህ ነው። በየጊዜው የሚለያይ ከሆነ ግን ኮሌቱ ውስጥ የብረት ፍቅፋቂ ገብቷል፤ አውጥታችሁ እጠቡት።

ጭረቱ ለምርመራ ጥሩ ቢሆንም የፒኑ ዲያሜትር የባሩ ዲያሜትር ከሆነና ካልተላጠ ምርቱ ላይ ይቀራል። ያኔ የጣቶቹን ጫፍ ናስ አልብሱ።

የቀረው አንድ አደጋ ፒኑ ሳይቆረጥ መቅረቱ ነው። የመቁረጫው ኢንሰርት ከተሰበረ ማሽኑ አያውቅም፤ መሳቢያው መጥቶ ጉማጁን ይይዛል፣ ያልተቆረጠውን ፒን ጨምሮ 43.5 ይስባል። ቀጥሎ የሚመጣው ቱል በጂ0 ወደ ዜድ2 ሲወርድ 43.5 ሚሊ ወጥቶ የቆመ ብረት ይጠብቀዋል። የመቁረጥ መፈተሻ የሌለው ማሽን ላይ ባሩ እየተሠራ ሰው አይራቅ። ኢንሰርቱንም እስኪሰበር አትጠብቁት፤ የመጀመሪያዎቹን ባሮች ስትሠሩ ጠርዙ በስንተኛው ፒን እንደሚደነዝዝ አይታችሁ፣ ከዚያ ቁጥር ቀድማችሁ፣ ባር ስትቀይሩ አብራችሁ ቀይሩት።